የትኛው ቡኮቫትስ?

ዕድሜ ልኩን «አንተ» ሲላችሁ የኖረ ሰው ድንገት «እርስዎ» ካላችሁ ሩጡ። ሊያከብራችሁ አይደለም፤ ሊጭናችሁ ነው። እኔ ግን መሮጥ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ሆዴ አይፈቅድም።

የአገሬ ልጅ ሰናይት ለንደን ከገባች ጀምሮ ሰላምታዋ «አንተ ጋሼ፣ ሆድህን ቀንስ እንጂ» ነው። ነርስ ስለሆነች የሰው ሆድ ባየች ቁጥር የሥራ ሰዓቷ የገባ ይመስላታል። የዚያን ዕለት ኬንቲሽ ታውን፣ እኔ ታክሲ የምነዳበት ሚኒካብ ቢሮ ድረስ መጣችና አንገቷን ሰበር አድርጋ፣

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አለችኝ።

ዞር ብዬ ከኋላዬ የቆመ ትልቅ ሰው ፈለግኩ። የለም።

«ምን ሆነሻል? ደህና አይደለሽም?»

«ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ ነው። ለዳርኮ።»

ዳርኮን አውቀዋለሁ። እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል የውሃ ማሞቂያ ቦይለር የሚጠግን፣ በዩጎዝላቪያው ጦርነት ከእናት አባቱ ጋር ሸሽቶ የመጣ፣ ከቁመቱ የተነሣ በር በገባ ቁጥር የሚሰግድ ልጅ ነው። ዝምተኛ ነው። ሰናይት ለሁለቱም ስለምታወራ ችግር የለም።

«እሱን ለማግባት የኔ መላላክ ምን ያደርጋል? እንግሊዝ አገር አይደለም እንዴ ያለነው?»

«አባባ ሽማግሌ ካልመጣ አልሰማም ብለዋል። እሳቸው ካልመረቁኝ ደግሞ አላገባም። አባቴም እናቴም እሳቸው ናቸው።»

አባባ የምትላቸው አጎቷን ጋሽ ደምሴን ነው። አባቷ በልጅነቷ ሲሞት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ አምና ነው ወደዚህ ያመጣቻቸው። አገር ቤት ሳሉ ለብዙ ዘመን የአውራጃ ዳኛ ነበሩ። ጡረታ ቢወጡም ዳኝነቱ ከሳቸው አልወጣም። ፖስታ ሲመጣ እንኳ ፖስተኛውን «ለምን ዘገየህ?» ብለው በአማርኛ ይመረምሩታል ይባላል።

እሺ አልኩ። ሽበትና ሆድ አንድ ላይ የሰጠኝ አምላክ ለአንድ ቀን ሥራ ብሎ ነበር ለካ! ሁለተኛ ሽማግሌ እንዲሆነኝ ሹፌር ጓደኛዬን ከድርን ለመንኩት። የከድር ጺም ብቻውን የሦስት ሽማግሌ ሥራ ይሠራል።

«ወንድሜ፣ አስበኸዋል?» አለ ከድር። «እኔ እስላም፣ ሙሽራው ፈረንጅ፣ አንተ ደግሞ አንተ ነህ። ወላሂ ሰውየው ፖሊስ ቢጠሩብን አልፈርድባቸውም።»

ጋሽ ደምሴና ሰናይት የሚኖሩት ዋይት ሲቲ፣ የካውንስል ቤት፣ ማለትም የነሱ የቀበሌ ቤት፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ለሠርግ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ እንዳይቀመጥ የደነገጉት አባቶቻችን አስተዋዮች ነበሩ፤ ግን በዘመናቸው ስምንተኛ ፎቅ አልነበረም። እኔና ከድር እንደ ሁለት የተነፉ ከረጢቶች እያለከለክን በራፉ አጠገብ ቆምን።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ኮታቸውን ግጥም አድርገው ቆልፈው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ። ጉልበቴ ግን በዚህ ሐሳብ አልተስማማም።

«ጉዳያችሁ ምንድን ነው?»

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ለመለመን ነው የመጣነው።»

«ልጃችሁ ማን ይባላል?»

«ዳርኮ።»

«የአባቱስ ስም?»

እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። ለንደን የኖረ ሰው የአባት ስም ሲባል ምላሱ የለመደውን ነው የሚያወጣው። «ቡኮቫትስ» አልኩ።

«ሃይማኖቱ?»

«ኦርቶዶክስ።»

«እሰይ። አባቱ አቶ ቡኮቫትስ በሕይወት አሉ?»

«አሉ፣ ደህና ናቸው። ስማቸው ስቴቫን ይባላል።»

«አሁን ቡኮቫትስ አላልክም?»

«ማለቴ… ስቴቫን ቡኮቫትስ።»

ጋሽ ደምሴ ጣታቸውን ዘረጉ። «ልጁ የቡኮቫትስ ልጅ። አባቱም የቡኮቫትስ ልጅ። ስለዚህ አባትና ልጅ ወንድማማቾች ናቸው።»

ከድር ነገሩን ሊያቀና ፈልጎ፣ «እናቱም በጣም ጥሩ ሴት ናቸው። ወይዘሮ ሚሌና ቡኮቫትስ» አለ።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። ዳኛ መነጽሩን ሲያወልቅ አንድ ሰው ሊታሰር ነው።

«እሷም የቡኮቫትስ ልጅ ናት!» አሉ። «ልጄን እኅቱን አግብቶ ለወለደ ሰው ቤት እንድድር ነው የመጣችሁት?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ቆሜ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ የፈረንጅን ስም አወጣጥ ማስረዳት ጀመርኩ። ሚስት ስታገባ የባሏን ቤተሰብ ስም ትወስዳለች አልኩ። «አባቷን ትክዳለች ማለት ነው?» አሉኝ። አትክድም፣ ታስቀምጠዋለች አልኩ። «የት?» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ጠበቃ ሲያስለቅሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔ እንኳን ልከራከራቸው ሳልከሰስ ጥፋተኛ ሆንኩ።

«ይሁን» አሉ መጨረሻ ላይ። «ይህ ስሙ ለሁሉም የተዳረሰው የመጀመሪያው ቡኮቫትስ ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ምን ሠርቶ ያድር ነበር?»

«ጋሼ፣ ቡኮቫትስ ሰው አይደለም» አለ ከድር። «መንደር ነው። ዳርኮ ነግሮኛል።»

«በመንደር ስም ነው የሚጠሩት? እኔ ደምሴ ማጀቴ ልባል ነዋ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አሰቡ። «ቆይ። አገር ካለ ሰው አለ። ሰው ካለ ምስክር አለ።»

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ስሙ። እንግሊዝኛ አልሰማም፣ ዓይን ግን አለኝ። የዚያን አገር ነገር በቴሌቪዥን አየዋለሁ። ጎረቤት የጎረቤቱን ቤት ሲያቃጥል አይቻለሁ። እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ከተቃጠለባቸው ናቸው ወይስ ካቃጠሉት? ወንድሜ ይችን ልጅ አደራ ብሎኝ ነው የሞተው። የቡኮቫትስን ሰዎች አምጡልኝና ይመስክሩ። ከዚያ በፊት መልስ የለኝም።»

ሰናይት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር። ትሪውን ሳታቀርብ መልሳ ይዛው ገባች።

አሁን እናንተ፣ «ታዲያ ለምን ልጁን ራሱን አልጠየቅኸውም?» ትሉኝ ይሆናል። ነውር ነዋ! ስለ ሙሽራ ሙሽራው ይጠየቃል? በዓለም ላይ «ቤተሰቤ ክፉ ነው፣ ተጠንቀቁን» ያለ ሙሽራ ተሰምቶ አያውቅም። ሙሽራ የሚጣራው በዙሪያ ነው፤ በጎረቤት፣ በአበልጅ፣ በጠላት። የጎረቤቱ አገር ሁለት ባሕር ማዶ መሆኑ ደንቡን አይሽረውም።

በነጋታው ኬንቲሽ ታውን ወደሚገኝ አንድ ፀጉር አስተካካይ ሄድኩ። ሰውየው ዩጎዝላቪያዊ ነው፤ እኔ ደግሞ የሚስተካከል ፀጉር ባይኖረኝም ጆሮ አለኝ። «ቡኮቫትስ የሚባል ቦታ ታውቃለህ?» ከማለቴ መቀሱ አየር ላይ ቀረ።

«ቡኮቫትስ! የአያቴ አገር!» አለ። «ትልቅ ወንዝ አጠገብ። ኮረብታው ሁሉ ወይን ነው። ሰዉ ወርቅ ነው፣ ወርቅ!»

ለጋሽ ደምሴ ከመንገድ ስልክ ደወልኩላቸው። እውነት ለመናገር ፀጉር አስተካካዩ ያወራው ስለ አንድ ኮረብታ ነው። እኔ ደግሞ ነገርን እንደተቀበልኩት ማቀበል ስስት ይመስለኛል። ወሬው ዋይት ሲቲ ሲደርስ የነ ዳርኮ የወይን ቦታ በፈረስ ካልሆነ በእግር የማይዘለቅ ሆኗል፤ አዝመራ ሲደርስ ድሃውን ሁሉ ጠርተው የሚያጠጡ ሆነዋል።

«ይህ ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ። «በጣም ጥሩ ነው።»

ሥራዬን ጨርሻለሁ ብዬ ተኛሁ። ለካ ከድር በራሱ በኩል ሲያጣራ ውሏል። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሰፈር ያደረሰው አንድ ግንበኛ የዚያው አገር ሰው ሆኖ ተገኘና ጠየቀው። ግንበኛው፣ «ቡኮቫትስ? የእናቴ አገር ነው። ተራራ ላይ ነው። በረዶው ጣራ ይደርሳል፣ ተኩላው በር ያንኳኳል። ወይን? እንኳን ወይን ሽንኩርት አይበቅልበትም!» አለው። ይህም አልበቃ ብሎት፣ ቡኮቫትስ የሚባል ሰው የአጎቱን ፈረስ እንደሰረቀበት ጨመረለት።

ከድር አንድ በሽታ አለበት። አይዋሽም። በቀጥታ ደውሎ ለጋሽ ደምሴ ነገራቸው።

ስልኬ ጮኸ። «አንተ! ወይኑ የት ሄደ?»

«ጋሼ፣ ምናልባት ወቅቱ…»

«ፈረሱስ?»

«የምን ፈረስ?»

«የተሰረቀው!»

ቢሮ ገብቼ ከከድር ጋር ተያያዝን። «ወይን ነው» እላለሁ፤ «ተኩላ ነው» ይላል። ሁለታችንም ያላየነውን አገር ሁለታችንም ጠረጴዛ እየደበደብን ስንከራከርበት፣ ቢሮውን የምታጸዳው ሴትዮ መጥረጊያዋን አቆመች። እሷም የዚያው አገር ሰው ናት፤ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

«ምን ተራራ፣ ምን ወይን ታወራላችሁ?» አለችን። «ቡኮቫትስ የከተማ ሰፈር ነው። አክስቴ ትኖርበት ነበር። አውቶቡስ ይገባል፣ ዳቦ ቤት አለው፣ የተማረ ሰው ነው የሚኖርበት።»

ሦስት ምስክር፣ ሦስት አገር። አንዱን ስም ለስንት መንደር እንደሰጡት እግዜር ይወቅ! ለጋሽ ደምሴ ስነግራቸው ያዝናሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ታደሰ፤ ጡረታቸው የተቋረጠ መሰለኝ።

«እሑድ ከቀትር በኋላ ሦስቱንም አቅርብ» አሉ። «መስቀለኛ ጥያቄ አለኝ።»

ከድር ጭንቅላቱን ያዘ። «አብደሃል? ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ጠይቀሃል?»

«አልጠየቅኩም።»

«እነዚህ ሰዎች አገራቸው ላይ እርስ በርስ እየተላለቁ ነው እኮ! አንድ መኪና ውስጥ ጭነህ ስምንተኛ ፎቅ ልታወጣቸው? መስኮት አለ እኮ እዚያ ቤት!»

እውነቱን ነው። ግን ምስክሮቹን እንዴት አድርጌ እንዳሳመንኳቸው ብታውቁ ታመሰግኑኝ ነበር፤ ምሳ አለ አልኳቸው። እሑድ ፀጉር አስተካካዩን ከፊት፣ ግንበኛውንና ሴትዮዋን ከኋላ ጭኜ ተነሣሁ። እስከ ዋይት ሲቲ ድረስ ማንም ትንፍሽ አላለም። መኪናዬ ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ የነበረው የገዛሁት ቀን ሞተሩ አልነሣ ሲል ብቻ ነው። መኪናውን ሳቆም አንዱ አንዱን የሆነ ነገር ጠየቀ። ሌላው መለሰ። ሴትዮዋ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ጥርስ ነበረው። ከዚያ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ጮኹ፤ ከመሐል የገባኝ ቃል «ቡኮቫትስ» ብቻ ነው።

ያዳነን ሊፍቱ ነው። እንደተበላሸ ነበር። አንደኛው ፎቅ ላይ ይጮኹ ነበር፣ ሦስተኛው ላይ ያጉረመርሙ ነበር፣ ስድስተኛው ላይ ግንበኛው የሴትዮዋን ቦርሳ ተሸከመላት። ስምንተኛው ላይ እንኳን ለጠብ ለትንፋሽም አቅም አልነበራቸውም። ስንት ሰላም አስከባሪ ያቃተውን አንድ የተበላሸ ሊፍት አደረገው።

ጋሽ ደምሴ ሦስት ወንበር ደርድረው ይጠብቃሉ። ከዘራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ሰናይት አስተርጓሚ ሆና ከጎናቸው ቆመች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጥያቄ አንድ» አሉ። «ቡኮቫትስ የት ነው?»

ሰናይት በእንግሊዝኛ ተናግራ ሳትጨርስ ሦስት እጅ ተዘረጋ። አንዱ ወደ መስኮቱ፣ አንዱ ወደ ወጥ ቤቱ፣ አንዱ ወደ መታጠቢያ ቤቱ። እጆቻቸውን ሲተያዩ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ፀጉር አስተካካዩ ተነሣ። ግንበኛውም ተነሣ። ሴትዮዋ ተቀምጣ ከሁለቱም በላይ ጮኸች። አንዳች ቃል ተወረወረና ክፍሉ ባንዴ ቀዘቀዘ፤ ምን እንደሆነ ባላውቅም ከበረዶውና ከወይኑ ጋር የማይሄድ ቃል መሆኑ ያስታውቃል። ከድር ቀስ ብሎ ሄዶ መስኮቱን በጀርባው ከለለው።

«ጸጥታ!» አሉ ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መትተው። በአማርኛ ነው፣ ግን ማንም ትርጉም አልጠየቀም። ሁሉም ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ፤ የተቀመጥኩት ከድር እግር ላይ ነው።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ሰናይት ከፈተች። ዳርኮ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ከኋላው እናትና አባቱ።

«እኔ ነኝ የጠራኋቸው» አለች ሰናይት። «ስለ ሰው ይህ ሁሉ ሰው ከሚያወራ ሰውየው ይምጣ።»

አቶ ስቴቫን እንደ ልጃቸው ረጅም፣ ኮታቸው ግን እንደ ሌላ ሰው ልጅ አጭር ነው። ወይዘሮ ሚሌና በጨርቅ የተሸፈነ የአይብ ቂጣ ይዘዋል። ገና ሰላምታ ሳይሰጡ ሦስቱ ምስክሮች በገዛ ቋንቋቸው ባንድ ድምፅ ጠየቋቸው። ትርጉም አላስፈለገኝም፤ «የትኛው ቡኮቫትስ?» ነው።

አቶ ስቴቫን ተቀመጡ። በቀስታ ተናገሩ፤ ዳርኮ ወደ እንግሊዝኛ፣ ሰናይት ወደ አማርኛ እያቀበሉ ጋሽ ደምሴ ጋ አደረሱት።

«የትኛውም አይደለሁም። አያቴ ልጅ ሆኖ ከአንድ ቡኮቫትስ ተነሥቶ እኛ ከተማ መጣ ይባላል። ከየትኛው እንደሆነ ሳይናገር ሞተ። እኔ አንዱንም አላየሁም። እኛ ከተማ በዚህ ስም የምንጠራው እኛ ብቻ ነበርን።»

«እንግዲያው የከተማህ ሰው ይመስክርልህ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«የከተማዬ ሰው ተበትኗል። ጎረቤቴ አንዱ ስዊድን ነው፣ አንዱ አውስትራሊያ። ስለኔ የሚናገር የለኝም። ጥሩ ሰው ነኝ ብዬ ደግሞ ራሴን አላመሰግንም።»

ወይዘሮ ሚሌና የያዙትን ቂጣ ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ባላቸው እጃቸውን ቢይዟቸውም ተናገሩ። ዳርኮ ተረጎመው።

«ሰዎች መጥተው ከታች የሚኖረው ጎረቤታችን የት እንደተደበቀ ባሌን ጠየቁት። ያውቅ ነበር። አላውቅም አላቸው። ቤታችን የተቃጠለው በዚያ ሳምንት ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ሚስት ለባሏ አትመሰክርም» አሉ ጋሽ ደምሴ። ሕጉን ተናገሩ እንጂ ድምፃቸው የዳኛ አልነበረም። «ምስክር ከሌለ ዋስ ይጥራ። በአገራችን ጋብቻ ያለ ዋስ አይቆምም።»

እጄን አነሣሁ።

«አንተ እጅህን አውርድ» አሉኝ።

«ዋስ ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ ግንበኛው። ሰናይት አስረዳችው፤ ልጁ ነገ ክፉ ቢሆን ተይዞ የሚጠየቅለት ሰው ማለት ነው አለችው። ግንበኛው አቶ ስቴቫንን ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«እኔ እሆናለሁ» አለ።

«አንተ በምን መብትህ?» አለና ፀጉር አስተካካዩ ዘሎ ተነሣ። «ዋሱ እኔ ነኝ! አፍንጫቸውን እዩት፤ የኛ መንደር አፍንጫ ነው!»

«ይህ የተራራ አፍንጫ ነው! በረዶ ያላየ አፍንጫ እንዲህ አይሆንም!»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለች ሴትዮዋ። «እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ከገጠር አይወጣም። እኔ ነኝ ዋስ።»

ያ ሁሉ ጩኸት እንደገና ተነሣ፤ አሁን ግን የሚጣሉት ማን ለማያውቁት ሰው በማያውቁት ሕግ እንደሚጠየቅ ነው። ከድር ከመስኮቱ ተላቆ መጣ። አቶ ስቴቫን አንዱን ትተው አንዱን ሲያዩ ቆዩና እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይሳቁ ያልቅሱ አልለየሁም።

«ምን አሉ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ሰናይት አዳመጠች። «‹እስከ ዛሬ አንድም መንደር አልነበረኝም፤ እዚህ ቤት ሦስት ሰጣችሁኝ› አሉ።»

ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ሦስት አገር ዋስ የቆመለትን ሰው እኔ ማን ነኝና እመልሰዋለሁ?» አሉ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ሰናይት ይህን መተርጎም አልቻለችም፤ አጎቷ አንገት ላይ ተጠምጥማለች። ዳርኮ ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ። ከድር ክንዱን ያዘና፣ በዚያ በማይዋሽ አፉ፣ «እሺ ብለዋል» አለው። ልጁ ከደስታው ብዛት ቀጥ ብሎ ሲቆም ጭንቅላቱ መብራቱን መታው።

ሠርጉ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሆነ። ጋሽ ደምሴ በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። ወይዛዝርቱ በጥያቄ ከበቧቸው፤ እንደምታውቁን ነን፣ ሰው አግብቶ እንኳ አገሩ ካልታወቀ ምግብ አይወርድልንም።

«ጋሽ ደምሴ፣ አማቾችዎ የየት አገር ሰዎች ናቸው?»

«የቡኮቫትስ።»

«እሱ ደግሞ የት ነው?»

ጋሽ ደምሴ ከዘራቸውን አነሡና፣ አቶ ስቴቫን ከሦስቱ ዋሶቻቸው መሐል ተቀምጠው ሦስቱም በየተራ ወደሚያጎርሷቸው፣ ወደ ጥጉ ጠረጴዛ ጠቆሙ።

«ያውላችሁ» አሉ። «ጥብሱን እየጨረሰው ነው፤ ቶሎ ድረሱ።»